ታርጌቱን ተዉልኝ፣ ፍሬምሴቱን ውሰዱት

ዛሬ ሪቪው የማደርገው ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አይደለም፣ ሁላችንም ብራውዘራችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያለ ነገር ነው፣ ፍሬምሴት (ስክሪኑን ቆራርጦ በየቁራጩ፣ ማለትም በየፍሬሙ፣ የተለያየ ፔጅ የሚያሳይ)፣ በተለይ ደሞ ፍሬም በፍሬም ውስጥ እየከተቱ አንዱ ጋ ያለ ሊንክ ሌላው ጋ እንዲከፍት የሚደረግበት አሰራር። «እንዴ ይሄ ነገር እስካሁን አለ?» የሚል አይጠፋም። አለ። ኤችቲኤምኤል 5 (ፔጅ የሚጻፍበት ቋንቋ 5ኛ ስሪት) በ2014 ሲጸድቅ ፍሬምና ፍሬምሴትን ከእንግዲህ እንዳይጻፉ ከተባሉት ታጎች (የቋንቋው ትእዛዞች) ጋር መደባቸው፣ ግን እዛው ስታንዳርድ ላይ ብራውዘር ሰሪዎች ድሮ የተጻፈውን እንዴት አድርገው ማሳየት እንዳለባቸው በዝርዝር ተጽፏል፣ ስለዚህ ዛሬ ክሮምም ላይ ፋየርፎክስም ላይ ሳፋሪም ላይ ብትከፍቱት ይሰራል። የድሮ ማኑዋል፣ የድሮ ዶክመንቴሽን፣ ማንም መንካት የማይፈልገው የመስሪያ ቤት ሲስተም ውስጥ አሁንም ያጋጥማል፣ እና ያጋጠመው ሰው ሊንኩ ለምን እዛ ጋ እንደተከፈተ ሳይገባው ጸጉሩን ይነጫል፣ ለሱ ነው በዋናነት የምጽፈው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና የቸኮለ ይሂድ። ከ5 ኮከብ ለፍሬምሴቱ 2 ነው የምሰጠው፣ ለታርጌቱ ግን 4 ተኩል። አብረው ስለመጡ ሰው አንድ ላይ ነው የሚረግማቸው፣ ይሄ ግን ፍትህ አይደለም፣ ስራቸው እኮ ለየቅል ነው። ፍሬምሴት ስክሪኑን የሚቆራርጠው ነው፣ ታርጌት ደሞ ሊንኩን እዛ ጋ ሂድና ክፈት ብሎ የሚልከው ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ ኤችቲኤምኤል 4 ላይ ስትሪክት የሚባለው ጠንከር ያለው ስሪት ታርጌትን ጭራሽ አልተቀበለውም ነበር፣ ትራንዚሽናልና ፍሬምሴት በሚባሉት ስሪቶች ብቻ ነበር የሚፈቀደው፣ ኤችቲኤምኤል 5 ሲመጣ ግን ፍሬምሴቱን በር አስወጥቶ ታርጌትን መልሶ አስገባው። እኔም ከዚህ የተለየ ነገር አልልም፣ ለምን እንደሆነ ብቻ ነው የማብራራው።

መጀመሪያ ለምን እንደተሰራ እንይ፣ ያለዛ ድሮ የነበሩትን ሰዎች እንደሞኝ መቁጠር ይመጣል። ፍሬም የመጣው በድሮው ብራውዘር በኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ነው፣ 1996 ላይ። በዛው አመት ማይክሮሶፍትም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ተቀበለውና ከራሱ አይፍሬምን (ተራ ፔጅ መሀል እንደ ሳጥን የሚቀመጥ ፍሬም) ጨመረበት፣ ዲሴምበር 1997 ላይ ኤችቲኤምኤል 4.0 ሁለቱንም ስታንዳርድ ውስጥ አስገባቸው። ጊዜውን አስቡት፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሞደም ነው፣ አንድ ፔጅ ለመክፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ የፔጁን መልክና ቅርጽ የምንጽፍበት ሲኤስኤስ ገና መጀመሩ ነው፣ ሜኑ ለመቀየር ብሎ ሁሉንም ፋይል እየከፈቱ በእጅ ማስተካከል ነው። በዛ ሰአት አንድ ሰው መጥቶ ሜኑውን አንዴ ብቻ አውርዱት፣ እሱ ባለበት ይቆማል፣ የሚቀያየረው በቀኝ ያለው ብቻ ነው ቢላችሁ እጁን ትስሙታላችሁ እንጂ አትከራከሩትም። እና ሰርቶላቸዋል።

አጻጻፉ ቀላል ነው፣ ይሄን አልክድም። ቦዲ የሚባለውን ታግ ታወጡና በቦታው ፍሬምሴት ትጽፋላችሁ፣ በቁመት መቁረጥ ከፈለጋችሁ ኮልስ፣ በአግድም ከፈለጋችሁ ሮውስ፣ መጠኑን በፒክስል ወይ በመቶኛ ወይ በኮከብ ምልክት ትሰጡታላችሁ። ኮከቧ የተረፈውን ሁሉ ውሰድ ማለት ናት፣ 200፣* ብላችሁ ከጻፋችሁ ግራው 200 ፒክስል ይሆንና የቀረው ለቀኙ ነው፣ 2*፣* ካላችሁ ደሞ የተረፈውን ለሶስት ከፍሎ ሁለቱን ለአንደኛው ይሰጠዋል። የዛሬዎቹ ልጆች ሲኤስኤስ ግሪድ ላይ ኤፍአር የምትሏት ነገር ሀሳቧ እቺው ናት። አንዷ አጉል ጠባይ ግን ከፍሬምሴቱ በፊት የቦዲ ታግ ወይም ዝም ብሎ የተጻፈ ጽሁፍ ከገባ ብራውዘሩ ፍሬምሴቱን እንዳለ ይተወዋል፣ ስህተት አለ እንኳን አይልም፣ ባዶ ፔጅ ወይም ያቺን ጽሁፍ ብቻ አሳይቶ ዝም። በፍሬሞቹ መሀል ያለውን መስመር ለማጥፋት ደሞ ስታንዳርዱ የሚያውቀው ፍሬምቦርደር የሚባለውን ብቻ ነው፣ ግን ሁሉም ብራውዘር የየራሱ ነገር ስለነበረው ሰው ቦርደርም ፍሬምስፔሲንግም ሶስቱንም ደርድሮ ነበር የሚጽፈው፣ የድሮ ኮድ ላይ ሶስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

አንድ የምወድለት ነገር ልናገር። ኖሪሳይዝ ብላችሁ ካልከለከላችሁት በስተቀር ተጠቃሚው መሀል ያለውን መስመር በማውዝ ይዞ ወደፈለገው ይጎትተዋል፣ ያለ አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት (ፔጁ ውስጥ የሚሮጥ የፕሮግራም ኮድ)። ዛሬ ይሄንን ነገር ለመስራት ላይብረሪ እናወርዳለን፣ እሱም ሞባይል ላይ አይሰራም፣ ባግ አለው፣ ምናምን። ይቺን ከነፍሬምሴቱ መጣላቸው ያናድደኛል እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ መደራረቡ። አንድ ፍሬምሴት የሚቆርጠው ቀጥ ባለ መስመር ስለሆነ (ሮውስና ኮልስ አንድ ላይ ብትሰጡት እንደ ቼዝ ሰሌዳ ነው የሚሆነው) ትንሽ ወጣ ያለ ቅርጽ ስትፈልጉ አንዱ ውስጥ ሌላ መክተት ግድ ነው። ለዚህ ከጃቫዶክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዶክመንቴሽን ለብዙ አመት በሶስት ፍሬም ነበር የሚወጣው፣ ውጪ ያለው ፍሬምሴት በቁመት 20%፣80% ይቆርጣል፣ የግራው 20% ውስጥ ሌላ ፍሬምሴት ይገባና በአግድም 30%፣70% ይቆርጠዋል። ላይኛው ግራ የፓኬጆች (ትልልቆቹ የኮድ ምድቦች) ዝርዝር፣ ታችኛው ግራ በውስጣቸው ያሉት የክላሶች ዝርዝር፣ ቀኙ ሰፊው ዝርዝር ማብራሪያው። ፓኬጅ ስትነኩ ታችኛው ግራ ይቀየራል፣ ክላስ ስትነኩ ቀኙ ይቀየራል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ለሚሰራ ሰው ይሄ እጅግ ምቹ ነበር፣ ዝርዝሩ ላይ ስክሮል አድርጌ ደረስኩበት የምትሉት ቦታ አይጠፋባችሁም፣ አንዱን ክላስ አይታችሁ ቀጥሎ ያለውን ትነካላችሁ፣ እንደዛ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ሰንሰለቱን ልብ በሉት፣ ሰፊው ወደ ጠባብ ጠባቡ ወደ ዝርዝር፣ ፍሬም ተደራርቦ ትርጉም የሚሰጠው እንደዚህ ሲሆን ብቻ ነው። አምስት ስድስት ቦታ ቆራርጦ አንዱ ላይ ሎጎ አንዱ ላይ ሰአት አንዱ ላይ የሚሮጥ ጽሁፍ መለጠፍ ግን ስክሪን ማባከን ነው፣ እሱንም በደንብ አይተናል።

መደራረቢያው መንገድ ሁለት ነው፣ እና ሰው የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። አንደኛው እንደ ጃቫዶኩ ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው፣ ፍሬምሴት ከፍታችሁ ውስጡ ሌላ ፍሬምሴት። ሁለተኛው የፍሬሙን ምንጭ ራሱ ሌላ ፍሬምሴት ወደያዘ ፋይል ማመልከት ነው። አይን ላይ ሁለቱም ቁርጥ አንድ ናቸው፣ ስክሪንሾት ብታነሱ አትለዩዋቸውም። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ሲሆን ፍሬሞቹ ሁሉ እኩል ወንድማማቾች ናቸው፣ የውስጠኛው ፍሬምሴት ስክሪን ይቆርጣል እንጂ የራሱ ፔጅ አይደለም፣ ስለዚህ የሁሉም ወላጅ ያው አንዱ ትልቁ ፋይል ነው። በተለያየ ፋይል ሲሆን ግን መሀል ላይ እውነተኛ ፔጅ አለ፣ የውስጦቹ ወላጅ እሱ ነው፣ የሱ ወላጅ ደሞ ላይኛው።

ይሄ ምን ያመጣል? «_ፓረንት» የምትባለውን፣ ወላጁ ላይ ክፈት የምትለዋን ታርጌት ያመጣል። አንድ ፋይል ውስጥ በተደራረበው ላይ «_ፓረንት» ያለው ሊንክ ስትነኩ ሙሉ ዊንዶው ይቀየራል፣ ማለትም ሙሉ ዊንዶው ላይ ክፈት ከሚለው ከ«_ቶፕ» ጋር ምንም ልዩነት የለውም። በተለያየ ፋይል በተደራረበው ላይ ያው ሊንክ ሲነካ የሚቀየረው መሀለኛው ብቻ ነው፣ የላይኛው ሜኑ ይተርፋል። ያው ኮድ፣ ያው መልክ፣ ሁለት አይነት ውጤት። እና አንድ ሰው መጥቶ ፋይል ላሳንስ ብሎ መሀለኛውን ፋይል ከላይኛው ጋር ያዋህደውና ግማሹ ሊንክ ሜኑውን ይዞት ይጠፋል፣ ማንም አይገባውም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ ከፍሬምሴቱ መውጣት ከፈለጋችሁ «_ቶፕ» በሉ፣ የተወሰነ ቦታ ከፈለጋችሁ ስሙን ጠርታችሁ ላኩት፣ «_ፓረንት»ን መሀል ላይ እውነተኛ ፋይል እንዳለ ሳታረጋግጡ አትንኩት።

ስለ ስሞቹ። እያንዳንዱ ፍሬም ስም ይሰጠዋል፣ ሊንኩ ደሞ ታርጌት ላይ ያንን ስም ይጽፋል፣ በቃ ይሄው ነው። ይሄን ነው እንግዲህ ጎበዝ የምለው፣ ላኪው ተቀባዩ የት እንዳለ ማወቅ የለበትም፣ ስንት ፍሬም ውስጥ እንደተቀበረ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ አያገባውም፣ ስም ብቻ ይጠራል ብራውዘሩ ይፈልግለታል። ቅርጹን ነገ ብትገለባብጡት ሊንኮቹ እንዳሉ ይሰራሉ። ሜኑው ላይ 100 ሊንክ ካለና ሁሉም ወደ አንድ ፍሬም የሚሄዱ ከሆነ ደሞ 100 ጊዜ ታርጌት መጻፍ የለባችሁም፣ ሄድ ውስጥ ቤዝ የሚባለው ታግ ላይ አንዴ ታርጌቱን ከሰጣችሁ ፔጁ ላይ ያለ ሊንክም ፎርምም ሁሉ እሱን ይከተላል፣ የተለየ የምትፈልጉትን ብቻ ለብቻው ትጽፉታላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቀው ነው የሚያልፈው።

ችግሩ ስሙ ሲሳሳት ነው። ብራውዘሩ የማያውቀው ስም ከተሰጠው አይቆጣም፣ አዲስ ዊንዶው ወይ ታብ ከፍቶ ያንን ስም ይሰጠዋል። እና ሁለተኛ ስትነኩ አዲስ አይከፍትም፣ ያንኑ ታብ ነው የሚጠቀመው፣ ታቡ ደሞ ከኋላ ከቀረ አይታይም፣ ተጠቃሚው ሊንኩ አይሰራም ብሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው አንደርስኮሯን (ከፊት ያለችውን የታች ሰረዝ) ረስተው ዝም ብለው «ብላንክ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች መጀመሪያ ሲሞክሩት የሚሰራላቸውና ቀጥሎ ግራ የሚገባቸው፣ «_ብላንክ» ሁሌ አዲስ ይከፍታል፣ ያለ አንደርስኮር የተጻፈው ግን ስሙ ብላንክ የሆነ አንድ ታብ ነው። «_ኒው» የሚባልም አለ፣ በየቦታው ታዩታላችሁ፣ እንደዚህ የሚባል ቁልፍ ቃል ኖሮ አያውቅም፣ ያሉት አራት ናቸው፣ «_ብላንክ» «_ሰልፍ» (ሊንኩ ያለበት ቦታ ላይ ክፈት) «_ፓረንት» «_ቶፕ»፣ አለቀ። ለራሳችሁ ፍሬም ስም ስታወጡ በአንደርስኮር አትጀምሩ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልም አታቀላቅሉ፣ ለናንተ ስም ፊደሉ መጠኑ ሲለያይ ሌላ ስም ነው የሚሆነው።

በአንድ ንክኪ ሁለት ፍሬም መቀየርስ? ታርጌት አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩበትም ለዚህ ነው። ሁለቱን የያዘ መሀለኛ ፍሬምሴት ካላችሁ እሱን በሌላ ፍሬምሴት ፋይል ትተኩታላችሁ፣ ይሄ ያለ ስክሪፕት ይሰራል ግን ለያንዳንዱ ጥንድ አንድ ፋይል መጻፍ ነው፣ አድካሚ ነው። ካልሆነ በጃቫስክሪፕት ወላጁን ጠርታችሁ ሁለቱንም በየስማቸው አድራሻቸውን መቀየር ነው። ሰው ሁሉ የመረጠው ሁለተኛውን ነበር፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቆላለፈ፣ ይሄ ፍሬም ያኛውን ይጠራል፣ ያኛው ገና አልተከፈተም፣ ኤረር።

እሺ እንግዲህ ለምን 2 ኮከብ ሰጠሁት? ከምንም በላይ በአድራሻው ምክንያት። ድር ማለት እኮ እያንዳንዱ ነገር አድራሻ ያለው መሆኑ ነው፣ ፍሬምሴት ላይ ግን አድራሻ መጻፊያው ላይ የሚታየው የትልቁ ፋይል አድራሻ ነው፣ ውስጥ ገብታችሁ አስር ፔጅ ብትቀያይሩ እሱ አይንቀሳቀስም። ቡክማርክ አድርጋችሁ ነገ ስትመጡ መጀመሪያው ላይ ናችሁ፣ ሊንኩን ለጓደኛ ስትልኩለት የሚያየው እናንተ ያያችሁትን አይደለም። ሰርች ኢንጂን ደሞ በተቃራኒው ውስጠኛዋን ፔጅ ለብቻዋ ያወጣታል፣ ከዛ የመጣ ሰው ሜኑ የሌላት ፔጅ ላይ ያርፍና መውጫ የለውም። ሰዉ ለዚህ መላ አበጀ፣ ውስጠኛዋ ፔጅ ብቻዋን መሆኗን በስክሪፕት ካየች ትልቁን ፍሬምሴት ትጠራለች፣ ስሟንም ከጥያቄ ምልክት በኋላ ታስይዘዋለች፣ ፍሬምሴቱም ያንን አንብቦ ይከፍታታል። ጃቫዶክም ይሄንኑ ያደርግ ነበር፣ እና 2013 ላይ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የሌላ ሰው ሳይት አድራሻ ብታስገቡ የታመነው ዶክመንቴሽን ፍሬም ውስጥ የማታውቁት ፔጅ ሊከፈት እንደሚችል ታወቀ፣ የጃቫ ባለቤት ኦራክል ጁን ላይ ማስተካከያ ከማውጣቱ ሌላ ቀድሞ የተሰሩትን ፋይሎች የሚጠግን መሳሪያም ለብቻው ማውጣት ነበረበት፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው በየሰርቨሩ በተበተነው ኤችቲኤምኤል ውስጥ ነው። አንድ የጎደለን ነገር ለመሙላት የተለጠፈ ስክሪፕት ያመጣውን ተመልከቱ። ጃቫ 11 ላይ ጃቫዶክ ራሱ ፍሬም የሌለውን መደበኛ አደረገው፣ በምትኩ መፈለጊያ ሳጥን አለው፣ እኔ ግን የሶስቱን ሰንሰለት አሁንም እፈልገዋለሁ።

ወደ ኋላ መመለሻው ቁልፍ ሌላ ጣጣ ነበር። ኔትስኬፕ 2 ላይ ባክ ስትሉ ከፍሬምሴቱ ጠቅላላ አስወጥቶ ከሱ በፊት የነበረው ሳይት ላይ ይጥላችሁ ነበር፣ 3 ላይ ነው ፍሬም በፍሬም ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደረጉት። የድር አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰንም ገና ዲሴምበር 1996 ላይ ነው ፍሬምን አትጠቀሙ ብሎ የጻፈው፣ ዋና ክርክሩም ያው የአድራሻው ነገር ነው፣ ስለዚህ ማንም አልነገረንም ማለት አይቻልም። ፕሪንትም እንደዛው፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ፕሪንት ስትሉ እንደሚታየው ላድርገው ወይስ የተመረጠውን ፍሬም ብቻ ወይስ እያንዳንዱን ለየብቻ ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ ግማሹ ሰው ሜኑውን ብቻ አትሞ ይሄዳል።

ቆይ፣ አንዷን ደሞ ሳልነግራችሁ። ሜኑ ላይ «መነሻ» የሚል ሊንክ አለ እንበል፣ ወደ ትልቁ ፍሬምሴት ፋይል የሚሄድ፣ «_ቶፕ» ግን አልተጻፈበትም። ቤዙ ሁሉንም ወደ ቀኙ ፍሬም ስለሚልክ ሙሉው ሳይት ከነሜኑው ቀኙ ውስጥ ይከፈታል። አሁን ሁለት ሜኑ አለ። ውስጠኛው ላይ ያለውን መነሻ ደግማችሁ ስትነኩት ሶስት ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ እየጠበበ፣ አንድ ስም የያዙ ፍሬሞችም ይበዛሉ። የዛን ዘመን ድር ያየ ሰው ይሄን ያላየ የለም። መድሃኒቱ አንዲት ቃል ናት፣ «_ቶፕ»፣ ወደ ውጪ ሳይት የሚወስድ ሊንክ ላይም እንደዛው፣ አለበለዚያ የሰው ሳይት እናንተ ፍሬም ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ይሄ መታሰር ደሞ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቶታልኒውስ የሚባል ሳይት የትልልቅ ሚዲያዎችን ዜና በራሱ ፍሬም ውስጥ፣ በራሱ ማስታወቂያ ተከቦ ያሳይ ነበር፣ 1997 ላይ ዋሽንግተን ፖስትና ሲኤንኤን ያሉበት ቡድን ከሰሰው፣ በዛው አመት ተስማሙና ፍሬም ማድረጉን ተወ። ከዛ በኋላ ሳይቶች ራሳቸውን ከሰው ፍሬም የሚያወጡ ስክሪፕት መጻፍ ጀመሩ፣ ቶፕ እኔ ካልሆንኩ ቶፕን ወደኔ ውሰደው የሚል። 2008 ላይ ደሞ ክሊክጃኪንግ የሚባለው ጥቃት ስም ወጣለት፣ የባንክ ምናምን ፔጅ በማይታይ ፍሬም ከላይ ይደረብና ሰውየው ሌላ ነገር የነካ ሲመስለው እዛ ላይ ያለውን ቁልፍ ይነካል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ የሚባለውን ሄደር (ሰርቨሩ ከፔጁ ጋር ለብራውዘሩ የሚልከው መመሪያ) አመጣ፣ ማን ፍሬም ውስጥ እንደሚያስገባኝ ልወስን የሚል፣ አሁን ደሞ በሲኤስፒ (የሳይቱ የደህንነት ደንብ) ውስጥ ፍሬም አንሴስተርስ አለ። ለተደራረበ ፍሬም ሁለቱ እኩል አይደሉም፣ የድሮው ሄደር በአንዳንድ ብራውዘር ላይኛውን ፔጅ ብቻ ነበር የሚያየው፣ መሀል ላይ ያለውን አይመረምርም፣ አዲሱ ግን ከላይ እስከታች ያሉትን ወላጆች ሁሉ ይፈትሻል። ዛሬ የሰው ሳይት ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ሞክራችሁ አልከፍትም ካላችሁ ኮዳችሁ ላይ ሰአት አታጥፉ፣ ባለቤቱ ከልክሎ ነው።

ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የሚሆነውንም በአጭሩ ልበል። ስክሪን ሪደር ፍሬሞቹን በዝርዝር ያነባል፣ ቲትል ካልተሰጣቸው ግን የሚሰማው የፋይል ስም ምናምን ነው፣ የትኛው ሜኑ የትኛው ዋናው እንደሆነ በግምት ነው። ስም ለኮዱ ነው ቲትል ለሰው ነው፣ ሁለቱንም ስጡ፣ አይፍሬም ላይም ያው ነው። ኖፍሬምስ የሚባለው ታግ ፍሬም ለማያሳይ ብራውዘር አማራጭ እንዲጻፍበት ነበር የተሰጠው፣ አብዛኛው ሰው ግን ብራውዘርህ ፍሬም አይችልም ብሎ ጽፎበት ሄደ፣ ምን ዋጋ አለው። ስልክ ላይ ደሞ አትሞክሩት፣ 20% የስልክ ስክሪን ማለት ጣት የማታስገባ ቀጭን መስመር ናት።

አሁን የተረፈው ጥሩው ክፍል ነው። ያን የታርጌት ነገር አይፍሬም ላይ ልክ እንደድሮው ትጠቀሙበታላችሁ፣ አይፍሬሙ ላይ ስም፣ ሊንኩ ላይ ታርጌት፣ ፔጁ ሳይነቃነቅ እዛች ሳጥን ውስጥ ይከፈታል፣ ጃቫስክሪፕት ምን በወጣው። ፎርምም ታርጌት አለው፣ ፎርሙን ወደ አይፍሬም ብትልኩት መልሱ እዛ ይመጣል፣ የሞላችሁት አይጠፋም። ድሮ ፋይል አፕሎድ ሲደረግ ፔጁ ሪፍሬሽ እንዳይል የተደበቀ አይፍሬም አስቀምጠው ፎርሙን ወደሱ ይልኩት የነበረው በዚህ ነው። ዛሬም ለቅድመ እይታ ሳጥን፣ ለዶክመንት ማሳያ፣ ለምሳሌ ኮድ ማሮጫ እኔ ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሳንድቦክስ የሚባለውን፣ ውስጡ ያለው ፔጅ የሚችለውን የሚገድበውን አትሪቢውት አይፍሬሙ ላይ ካደረጋችሁ ውስጡ ያሉ የ«_ቶፕ» እና የ«_ብላንክ» ሊንኮች ዝም ይላሉ፣ ትነካላችሁ ምንም የለም፣ ኮንሶል (ብራውዘሩ ስህተት የሚጽፍበት መስኮት) ካልከፈታችሁ ምክንያቱን አታዩትም፣ ለየብቻ ፈቃድ መስጠት አለባችሁ። ሌላው «_ብላንክ» ራሱ ነው፣ ድሮ የተከፈተው ታብ የከፈተውን ታብ በስክሪፕት ወደሌላ አድራሻ መውሰድ ይችል ነበር፣ ኖኦፕነር የሚባለውን የምንጽፈው ለዛ ነው፣ ከክሮም 88 እና ከፋየርፎክስ 79 ጀምሮ ብራውዘሩ ራሱ ይዘጋዋል ግን አሮጌ ብራውዘር ያለው ሰው ስለማይጠፋ መጻፉ አይጎዳም።

አዲስ ሳይት የምትሰሩ ከሆነ ፍሬምሴት አታስቡት። የማይንቀሳቀስ ሜኑ ስቲኪ በምትባለው ሲኤስኤስ ይሆናል፣ ቅርጹ በግሪድ ይሆናል፣ ተደጋጋሚውን ክፍል ሰርቨሩ ኢንክሉድ ያደርግላችኋል፣ ማለትም ከአንድ ፋይል ወስዶ በየፔጁ ያስገባላችኋል፣ እያንዳንዱ ፔጅም የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። የድሮ ፍሬምሴት የወረሳችሁ ከሆነ ደሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አታፍርሱት። መጀመሪያ ሊንኮቹን በታርጌት ስም ለዩዋቸው፣ ወደ ዋናው ፍሬም የሚሄዱት ተራ ሊንክ ይሆናሉ፣ ታርጌታቸው ይነሳል፣ ቤዙ ላይ ያለችውንም እንዳትረሱ እሷ ከቀረች ሊንኩ ሁሉ ሌላ ታብ ላይ እየተከፈተ ያስቸግራል። ወደ ጎን ሳጥን የሚሄዱት ላይ አይፍሬም ያንን ስም ሰጥታችሁ ታርጌቱን እንዳለ ተዉት፣ ይሰራል። ሜኑውን ወደ ሁሉም ፔጅ በኢንክሉድ አስገቡ፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ ፍሬምሴቱን የሚጠራ ስክሪፕት ካለ ከየፔጁ አውጡት፣ አለበለዚያ አዲሷ ፔጅ ወደ አሮጌው ትመልሳችኋለች። የትልቁን ፍሬምሴት ፋይል ግን አትሰርዙት፣ ሰው ለአመታት ቡክማርክ ያደረገው እሱን ስለሆነ በዛው ስም ወደ አዲሱ መነሻ የሚመራ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የፔጅ ስም ይዞ የሚመጣ ካለም የራሳችሁ ፋይል መሆኑን አረጋግጣችሁ ወደሱ ውሰዱት።